120 ካሴት እንዴት 120 ጊጋ ሞላ?

ጥያቄው፦ “ሰላም ጋሼ። የአባቴን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ጨረስኩ። 120 ናቸው፣ ሁሉም ባለ 60 ደቂቃ። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ቀድቼ በዌቭ ነው ያወጣኋቸው። የአርባዎቹን ግን ‘ምናልባት ቢያስፈልግ’ ብዬ ፕሮጀክቱንም ሴቭ አድርጌዋለሁ። ላፕቶፔ 256 ጊጋ ነው፤ የቀረኝ 9 ጊጋ ብቻ። የካሴቱ ፎልደር ብቻውን ወደ 120 ጊጋ ይላል። ሌላ 18 ጊጋ የኤምፒስሪ ዘፈንም አለኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ‘ሁሉንም ወደ 128 ኤምፒስሪ ቀይሪና ዌቩን አጥፊው’ አለኝ። ሌላዋ ደግሞ ‘ዚፕ አድርጊው’ አለችኝ። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ምን ይሻለኛል?”

እጅሽ እምቢ ማለቱ ደግ ነው። ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ምንም አታጥፊ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ፤ ሒሳቡ አንድ ነገር ያሳብቃል። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ዌቭ ድምፁን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይጽፈዋል። ለግራም ለቀኝም እንዲሁ። ሲባዛ በሴኮንድ 176,400 ባይት ነው። በሰዓት 635 ሚሊዮን ባይት ይመጣል፤ ዊንዶውስ በራሱ አቆጣጠር 605 ሜጋ ገደማ ብሎ ያሳይሻል። ዌቭ ምንም አይጨምቅም። ዘፋኙ ቢጮህ፣ ክራሩ ብቻውን ቢቀር፣ ካሴቱ መጨረሻ ላይ ባዶውን ቢዞር ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። ደቂቃ ቆጥሮ ቦታ ይበላል።

እንግዲህ 605 ሜጋን በ120 ካሴት አባዢው። 71 ጊጋ ነው። አንቺ ግን 120 ነው ያልሽኝ። ቀሪው 49 ጊጋ የት ገባ?

“ምናልባት ቢያስፈልግ” ውስጥ ነው የገባው። ኦዳሲቲ፣ ቅንብሩን ካልነካሽው በቀር፣ ፕሮጀክቱ ውስጥ ድምፁን በ16 ቢት ሳይሆን በ32 ቢት ነው የሚይዘው። ይህ ለአርትዖት ይጠቅማል፤ ድምፁን ከፍ ዝቅ ስታደርጊ እንዳይበላሽ መንቀሳቀሻ ይሰጣል። ቦታውን ግን እጥፍ ያደርገዋል። ያው የአንድ ሰዓት ካሴት በፕሮጀክት መልክ 1.2 ጊጋ ገደማ ይይዛል። አርባው ሲደመር 47 ጊጋ ነው። የጠፋብን ይኸው ተገኘ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ መቀየር አይደለም። አርባዎቹን ፕሮጀክቶች መመልከት ነው። ለእያንዳንዳቸው ያወጣሽውን ዌቭ ክፈቺና ሦስት ቦታ ስሚ፦ መጀመሪያውን፣ ሀ ጎን አልቆ ለ ጎን የሚጀምርበትን፣ መጨረሻውን። ርዝመቱ ከፕሮጀክቱ ጋር ይግጠም። ኤክስፖርት ሲደረግ ከፊሉ ብቻ ተመርጦ የወጣ ዌቭ ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ሰውየው የሚያውቀው ከዓመት በኋላ ነው። ዌቩ ሙሉ ከሆነና በዚያ ካሴት ላይ የምታስተካክዪው ነገር ከሌለ ፕሮጀክቱን አጥፊው። ጀምረሽ ያልጨረስሽው ካለ እሱን ብቻ አስቀሪ። ከዚያ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አድርጊ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ “አጠፋሁ፣ ግን ቦታው አልጨመረም” ብሎ ይደውላል።

በዚህ ብቻ 9 ጊጋ የነበረው ወደ 56 ጊጋ ይሆናል። አንድም ዘፈን አልቀየርሽም፣ አንድም ድምፅ አልነካሽም። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ የሆነው ለዚህ ነው። ወደ ሌላ ፎርማት ስትቀይሪ አሮጌውም አዲሱም ለጊዜው ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። በ9 ጊጋ ብትጀምሪ ኖሮ መሃል ላይ “ዲስኩ ሞልቷል” ብሎ ያቆምሽ ነበር።

አሁን ወደ ዌቮቹ። እነዚህን ወደ ፍላክ ቀይሪያቸው። ፍላክ በፈረንጆቹ ከ2001 ጀምሮ ያለ፣ ነፃ የሆነ ፎርማት ነው። ድምፁን ይጨምቃል እንጂ አይቆርጥም። ስትከፍቺው የሚወጣው ከዌቩ ጋር ቢት በቢት አንድ ነው። ጋቢን አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ እንደማስቀመጥ ውሰጂው፤ ሲዘረጋ ያው ጋቢ ነው።

ዚፕስ? ዚፕም እኮ አይቆርጥም፤ ግን ለድምፅ አልተሠራም። ዚፕ የሚያድነው የሚደጋገም ነገር ነው። ጽሑፍ ውስጥ አንድ ቃል መቶ ጊዜ ይመጣልና ይሳካለታል። የድምፅ ልኬቶች ግን እንዲህ ቁርጥ ብለው አይደጋገሙም። ስለዚህ ዌቭን ዚፕ ብታደርጊ የምታተርፊው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በዚያ ላይ ለመስማት በከፈትሽ ቁጥር መፍታት አለብሽ። ፍላክ ዘዴው ሌላ ነው። ባለሱቅ የሽንኩርት ዋጋ በየቀኑ ደብተር ላይ ሲይዝ አስቢ። ትናንት 60፣ ዛሬ 62፣ ነገ 63 እያለ ሙሉውን ከመጻፍ “2 ጨመረ፣ 1 ጨመረ” ብሎ ቢጽፍ ቀለምም ወረቀትም ይቆጥባል። ፍላክም ካለፉት ልኬቶች ተነስቶ ቀጣዩን ይገምታል፤ የሚጽፈው የተሳሳተበትን ልዩነት ብቻ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። የካሴት ‘ሽሽሽ’ የሚለው ድምፅ ሊገመት አይችልም፤ ዝብርቅርቅ ነው። ፍላክ ግን አልጥለውም ብሎ ምሏል፤ ስለዚህ ያንን ሽሽታ እንዳለ ይጽፈዋል። ንፁህ ሲዲ ግማሽ ያህል ሲቀንስ ያረጀ ካሴት ከዚያ ያነሰ ቢቀንስ አትደነቂ። ያንቺ 71 ጊጋ ከ40 እስከ 46 ጊጋ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። 56 ጊጋ ባዶ ቦታ ስላለሽ ይበቃል፤ ጠባብ ቢሆንም።

ለመቀየሪያ ፉባር 2000ን እመርጣለሁ። ነፃ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ቀላል ነው። ፕሮግራሙን ስትጭኚ ‘ኢንኮደር ፓክ’ የሚባለውን ጭማሪ አብረሽ ከራሱ ድረ ገጽ አውርጂ፤ ያለ እሱ ፍላክ መሥራት አይችልም። ፎልደሩን ጎትተሽ ጣይበት፣ ፋይሎቹን ምረጪ፣ ቀኙን ጠቅ አድርገሽ ‘ኮንቨርት’ የሚለውን ክፈቺ፣ ፍላክን ምረጪ። ደረጃ የሚል ከ0 እስከ 8 የሚሄድ መንሸራተቻ ታያለሽ። ብዙ ሰው ይህንን ከጥራት ጋር ያምታታዋል። ጥራቱ በሁሉም አንድ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ኮምፒውተሩ ትንሽ ለማሳነስ ብዙ ይደክማል፣ በቃ። 5 ላይ ተይው፤ ከ8 ጋር ያለው ልዩነት ጥቂት ነው። መድረሻውን ደግሞ ከዌቮቹ የተለየ አዲስ ፎልደር አድርጊው።

120ውን ባንዴ አትልቀቂው። ሠላሳ ሠላሳ እያደረግሽ ሂጂ። መብራት ቢጠፋ፣ ባትሪው ቢያልቅ፣ የት እንደደረስሽ ታውቂያለሽ። በግማሽ የተቋረጠ ፋይል ከላይ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል። ለዚህ ነው ማረጋገጫው የሚያስፈልገው። ፍላክ በውስጡ የድምፁን አሻራ ይዞ ይሄዳል፤ ፉባር ደግሞ ሁለት ፋይሎችን ቢት በቢት የሚያወዳድር ጭማሪ አለው። ሠላሳው ሲያልቅ ዌቩንና ፍላኩን አወዳድሪ። “ልዩነት የለም” ካለሽ፣ ፍላኩም ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ከተገለበጠ፣ ያኔ ዌቩን በሰላም ሸኚው።

ሌላ ቦታ የሚገኝበት መንገድም አለ። ከ120ው ውስጥ ሁሉም የሙዚቃ ቤት ካሴት አይመስለኝም። የሠርግ፣ የስብከት፣ ከቤተሰብ የተላከ የድምፅ ደብዳቤ ይኖርበታል። በድሮ ጊዜ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደብዳቤ በካሴት ነበር የሚልከው። እነዚህ ባብዛኛው ባለ አንድ ማይክ ቴፕ ላይ የተቀዱ ናቸው። ግራና ቀኙ አንድ ነው። ወደ ሞኖ፣ ማለትም ወደ አንድ የድምፅ መስመር ብቻ፣ ብትለውጫቸው ግማሽ ቦታ ታተርፊያለሽ፣ የሚጎድል ነገር የለም። ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። የቴፑ ማንበቢያ ትንሽ ካዘመመ ግራውና ቀኙ በጣም ጥቂት ጊዜ ይለያያሉ። ሁለቱን ደምረሽ ሞኖ ካደረግሻቸው ቀጭኑ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ሰውየው አፉን በነጠላ ሸፍኖ የሚያወራ ይመስላል። ስለዚህ አትደምሪ። ስቴሪዮውን ለሁለት ክፈይው፣ ሁለቱንም በየተራ በጆሮ ማዳመጫ ስሚ፣ የተሻለውን አስቀሪ፣ ሌላውን ጣይ። የሙዚቃ ቤት ካሴቶችን ግን በስቴሪዮ ተያቸው።

አሁን ወደ ባልደረባሽ ምክር ልምጣ። 128 ኤምፒስሪ፣ ማለትም በሴኮንድ 128 ኪሎቢት የሚጽፈው፣ በሰዓት ከ58 ሜጋ በታች ነው የሚይዘው። ከዌቭ ወደ አንድ አሥረኛ ይጠጋል። ለዚህ ነው የሚያጓጓው። ኤምፒስሪ የሚሠራው ጆሮ አይሰማውም ያለውን እየጣለ ነው። ወፍጮ ቤት ገብተሽ ወፍጮው ሲሠራ አጠገብሽ ያለችው ሴት ብታንሾካሹክ አትሰሚያትም። ኤምፒስሪ “ካልሰማሻት ለምን እጽፋታለሁ?” ይላል። ብልህ ነው። በ192 ወይም በ256 ኪሎቢት ሲሆን አብዛኛው ሰው ከዋናው አይለየውም፤ እኔም ብዙውን ጊዜ አልለየውም።

ነገር ግን የተጣለው ተጥሏል። ዌቭን ወደ ኤምፒስሪ መቀየር ሥጋን ቋንጣ እንደማድረግ ነው። ቋንጣ ይጣፍጣል፣ ቦታ አይፈጅም፣ መንገድ ይዘሽው ትሄጃለሽ። ተመልሶ ግን ጥሬ ሥጋ አይሆንም። ኤምፒስሪን ወደ ፍላክ ቀይረው “አሁን ጥራቱ ጨመረ” የሚሉ አሉ። ቋንጣውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ጥሬ ሥጋ ነው እንደማለት ነው። ፋይሉ ይተልቃል፣ ድምፁ ያው ነው።

በራሴ የደረሰውን ልንገርሽ። ሴት አያቴ ተረት ስታወራ የቀዳኋት አንድ ካሴት ነበረኝ። በ2001 ዓ.ም. ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩት። ያኔ ዲስኬ 40 ጊጋ ነበር፤ ስልኬም ላይ የምትገባው ሚሞሪ ትንሽ ነበረች። በ32 ኪሎቢት ኤምፒስሪ አደረግኩትና ዌቩን አጠፋሁት። ንግግር ስለሆነ ይበቃዋል ብዬ ነው። ካሴቱን ቤት ውስጥ የሆነ ሰው መዝሙር ቀዳበት። ከዓመታት በኋላ ከኋላ የሚሰማውን የመብራት ‘እምምም’ ላጠፋ ሞከርኩ። ድምፅ ማጥሪያው እምምታውን ሲያነሳው ከሥሩ ኤምፒስሪው የቆራረጠው ሁሉ ብቅ አለ። አያቴ ጉድጓድ ውስጥ ሆና የምታወራ ትመስላለች። ፋይሉ አሁንም አለ። 7 ሜጋ ነው።

እንግዲህ ቆርጦ መቀነስን በተመለከተ የእኔ መለኪያ መጠኑ አይደለም። “ይህ ድምፅ ሌላ ቦታ ይገኛል ወይ?” ብዬ ነው የምጠይቀው። የአባትሽ ካሴቶች ውስጥ በሲዲ ያልታተመ፣ ኢንተርኔት ላይም የሌለ አይጠፋም። የሠርጉና የድምፅ ደብዳቤውማ የትም የለም። ለእነዚህ ዋናው ቅጂ ፍላክ ይሁን፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ላፕቶፕሽ ላይ ግን ፍላክ መሸከም የለብሽም። ለመስሚያ ከፍላኩ ሌላ ትንሽ ቅጂ አውጪ። በ192 ኪሎቢት ኤምፒስሪ 120ው ሰዓት በሙሉ 10 ጊጋ ገደማ ይሆናል። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ በኦፐስ ልታደርጊው ትችያለሽ፤ በፈረንጆቹ ከ2012 ወዲህ የመጣ ፎርማት ነው፣ በ96 ኪሎቢት እንኳ ደህና ይሰማል፣ ያንቺን ሁሉ በ5 ጊጋ ይይዘዋል። የመኪና ቴፕና የፍላሽ ሬዲዮ ግን ኦፐስን ባብዛኛው አያውቁትም። ለእነሱ ኤምፒስሪ ነው።

የትኛው ኪሎቢት ይበቃኛል ካልሽ ጆሮሽን እመኚ፤ ግን በትክክለኛው ቦታ ፈትኚው። ለስለስ ባለ ዘፈን ሁሉም ፎርማት ጥሩ ነው። ሞቅ ያለ ጭብጨባና እልልታ ያለበት የሠርግ ዘፈን ፈልጊ። ወይም ጸናጽል ያለበት ወረብ። ጭብጨባ ድንገተኛ ነው፤ ጸናጽል ደግሞ ቀጭንና ብረታማ ነው። ለጨማቂ ፕሮግራሞች እነዚህ ናቸው ከባዶቹ። ያንን ሠላሳ ሴኮንድ በ96፣ በ128 እና በ192 ኤምፒስሪ አውጥተሽ በጆሮ ማዳመጫ ስሚ። በ96ቱ ጸናጽሉ ውኃ ውስጥ የተነቀነቀ ይመስላል፤ ጭብጨባው ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ይንጣጣል። ያ መሰማት ሲያቆም ያንቺ ቁጥር እሱ ነው።

18 ጊጋ ኤምፒስሪውን በተመለከተ አጭር ነው፤ አትንኪው። ከ320 ወደ 128 ብታወርጂው 11 ጊጋ ታተርፊያለሽ፣ ነገር ግን አንዴ የተቆረጠውን ሁለተኛ መቁረጥ ነው፤ በቀጥታ ከዋናው ከተሠራ 128 ይልቅ ይብሳል። ዚፕም አይረዳውም፤ የተጨመቀን ነገር መልሶ መጭመቅ ነው። እዚያ ውስጥ የምታተርፊው ድግግሞሹን በማጥፋት ነው። አንድ ዘፈን በሦስት ስም ሦስት ቦታ መኖሩ የተለመደ ነው። በነገራችን ላይ ፋይሉ ላይ 320 ስለተጻፈ ብቻ 320 ነው ማለት አይደለም። 128 የነበረውን ወደ 320 ነፍተው የሚያሰራጩ ሞልተዋል። ኦዳሲቲ ውስጥ ‘ስፔክትሮግራም’ በሚለው፣ ድምፁን ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ በሥዕል በሚያሳየው እይታ ብትከፍቺው ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ በመቀስ እንደተቆረጠ ባዶ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ድሮውኑ ከካሴት የተቀዳ ዘፈን ከሆነ ግን ይህ ምርመራ አይሠራም፤ ካሴቱ ራሱ እዚያ ላይ ብዙም ነገር የለውም።

ለነገሩ እዚህ ላይ ሌላም ጥያቄ ይመጣል። “በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ (በሴኮንድ 96,000 ልኬት) መቅዳት ነበረብኝ?” ብሎ የሚቆጭ አለ። አልነበረብሽም። በሰዓት ከ2 ቢሊዮን ባይት በላይ ይፈጅ ነበር፤ ትርፉ የካሴቱን ሽሽታ በወርቅ ፍሬም መስቀል ነው።

ሃርድ ዲስኩን ሁለት አድርጊው። አንዱ አንቺ ጋ፣ አንዱ ወንድምሽ ወይም እህትሽ ቤት። ፍላኩ ከ50 ጊጋ በታች ስለሆነ ትልቅ ዲስክ አያስፈልግም። ፍላሽ ላይ ብቻ ግን እንዳታስቀምጪ። በተለይ መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጡትን ‘1 ቴራ’ የሚሉ ፍላሾች ተጠንቀቂ። ብዙዎቹ ውስጣቸው 16 ወይም 32 ጊጋ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ተጭበርብሯል። ኮፒ ሲደረግ ምንም አይሉሽም። ቦታው ሲሞላ በቀደመው ላይ እየጻፉ ይቀጥላሉ፣ ስሙ ይታያል፣ ድምፁ የለም። ኤች-ቱ-ቴስት-ደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ መልሶ በማንበብ እውነቱን ይነግርሻል። አዲስ የገዛሽውን ሁሉ ባዶውን እያለ በእሱ ፈትኚ።

የፋይል ስሞቹን በአማርኛ ከጻፍሽ በዩኒኮድ፣ ማለትም የዛሬ ስልክና ኮምፒውተር በሚያነበው የፊደል አጻጻፍ፣ መሆኑን እርግጠኛ ሁኚ። ፍላክ በውስጡ የዘፋኙን ስምና የዘፈኑን ርዕስ በግዕዝ ፊደል ደህና አድርጎ ይይዛል። ችግሩ ከድሮ የመጡ ኤምፒስሪዎች ላይ ነው። በአሮጌ የግዕዝ ፎንት የተጻፉ ስሞች ዛሬ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆነው ይታያሉ። እነሱን በእጅ ከማረም ሌላ አቋራጭ አላገኘሁም።

ለአባትሽ የምትሰጫቸውን ፍላሽ ግን ለየት አድርገሽ አዘጋጂው። አሁን ያሉሽ ፋይሎች የአንድ ሰዓት ርዝመት አላቸው። በፍላሽ ሬዲዮ የሚወዱትን ዘፈን ከአንድ ሰዓት ፋይል ውስጥ መፈለግ ያማርራል፤ አብዛኞቹ ሬዲዮኖች ሲጠፉ የነበሩበትን ቦታ ይረሱታል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ኦዳሲቲ ላይ በየዘፈኑ መሃል ምልክት አድርጊና ‘ኤክስፖርት ኦዲዮ’ ውስጥ ‘መልቲፕል ፋይልስ’ የሚለውን መርጠሽ (በቀድሞዎቹ ቅጂዎች ‘ኤክስፖርት መልቲፕል’ ይባል ነበር) ባንዴ ለያይተሽ አውጫቸው። ለእያንዳንዱ ካሴት አንድ ፎልደር፣ ከዘፈኖቹ ስም ፊት 01፣ 02 እያልሽ ቁጥር አድርጊ። እሳቸው የሚያውቁት በካሴቱ ቅደም ተከተል ነው፤ አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ቀጣዩን ገና ሳይጀምር ማንጎራጎር ይጀምራሉ።